ዘጠኝ መስመር

ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዲስትሮ፣ ፕሮግራሞችን በፓኬጅ አሽገው ለሚያቀርቡለት ሰዎች ዝርዝር መመሪያ አለው። በዚያ መመሪያ ውስጥ፣ አንድ ፕሮግራም በሜኑ ላይ እንዲወጣ የሚያደርገው ፋይል ምን እንደሚመስል ለማሳየት የተመረጠው ምሳሌ ኮሚካል ይባላል። የሥዕል ታሪኮችን ከፍቶ የሚያሳይ፣ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ከነርእሱ ዘጠኝ መስመር ነው። አንደኛው መስመር በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የፋይሉን ማንነት ይናገራል። ከዚያ የፕሮግራሙ ስም፣ የወል ስሙ፣ የአንድ መስመር መግለጫ፣ ማስነሻ ትእዛዙ፣ የአይከኑ ስም፣ ተርሚናል እንደማይፈልግ፣ ዓይነቱ፣ ክፍሉ። ሌላ የለም።

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አይከን ተነክቶ ፕሮግራም ሲከፈት፣ ከጀርባ ያለው እንዲህ ያለ ፋይል ነው። መቀመጫው /ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ የሚባለው ማውጫ ሲሆን የስሙ ጭራ «ነጥብ ዴስክቶፕ» ነው። ተጠቃሚው አያየውም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውም ብዙ ጊዜ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ፣ እግረ መንገዱን የሚጽፈው ነገር ነው። እኔ ግን ከሶፍትዌር ዓለም በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ አሳየን ብባል፣ ትልልቆቹን ሁሉ ትቼ ይህን ፋይልና በዙሪያው የተጻፈውን ደንብ አወጣለሁ።

ጥበቡን ለማየት መጀመሪያ ያልያዘውን ልብ ማለት ይበጃል። ሜኑው ከላይ ይሁን ከታች አይልም። ስሙ በምን ቀለም፣ አይከኑ በምን መጠን እንደሚወጣ አይናገርም። ከጎረቤቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መሰለፍን አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየትኛው የሜኑ ቅርንጫፍ ሥር እንደሚገባ አያዝም፤ ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ወደ ሠርግ ቤት የመጣ ጨዋ እንግዳ «የሙሽራው አጎት ነኝ» ብሎ ይቆማል እንጂ ወንበር አይመርጥም፤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አስተናጋጁ ነው። ፋይሉም እንዲሁ ነው። «የሥዕል ሥራ ፕሮግራም ነኝ» ይላል፤ ሜኑውን የሚሠራው ዴስክቶፕ ደግሞ የሥዕል ሥራዎችን በፈለገው ቦታ፣ በፈለገው ስም ይሰበስባል።

ይህ ጨዋነት ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። ኬዲኢ የተባለው ዴስክቶፕ በ1996፣ ጂኖም የተባለው ደግሞ በ1997 ሲጀመሩ ሁለቱም የየራሳቸውን የሜኑ ፋይል ይዘው መጡ። በኬዲኢ አሮጌ አሠራር ፋይሉ የተቀመጠበት ማውጫ ራሱ የሜኑው ቅርንጫፍ ነበር፤ ፋይሉን ከአንድ ማውጫ ወደ ሌላ ማዛወር ማለት ሜኑውን መለወጥ ማለት ነው። ከእነርሱ ሌላ ደግሞ መስኮት የሚያስተዳድሩ በርካታ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሜኑአቸውን በራሳቸው የማዋቀሪያ ቋንቋ ይጽፉ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓለም አንድ ፕሮግራም በሁሉም ዘንድ እንዲታይ የፈለገ ሰው፣ አንዱን ነገር ስንት ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ እንዳለበት መገመት ቀላል ነው።

ዴቢያን የተባለ ሌላ የሊኑክስ ዲስትሮ አለ፤ የእርሱ ሰዎች ለዚህ የሰጡት የመጀመሪያ መልስ በራሱ የሚደነቅ ነበር። እያንዳንዱ ፓኬጅ በዴቢያን ቋንቋ የተጻፈች አንዲት የሜኑ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ደግሞ ያችን ፋይል እያነበበ ለየመስኮት አስተዳዳሪው በሚገባው ቋንቋ ይጽፍለታል። ማንም ማንንም እንዲለወጥ አይጠይቅም፤ ድካሙን ሁሉ መካከለኛው ይሸከማል። ይህ ሥርዓት ረጅም ዘመን አገልግሏል። ሌላው ዓለም ግን በመጋቢት 2000 በሬድ ሃት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሀቮክ ፔኒንግተን በመሠረተው የጋራ መድረክ በኩል ሌላ መንገድ ያዘ። ፍሪዴስክቶፕ የተባለው ይህ መድረክ የኬዲኢን ፋይል መነሻ አድርጎ የጋራ ደንብ አወጣ። በዴቢያን ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖሩ፤ በመካከሉም ብዙ ክርክር ተደረገ። በ2015 የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ የነጥብ ዴስክቶፕ ፋይል ያለው ፓኬጅ ለዚያው ፕሮግራም አሮጌውን የሜኑ ፋይል ጨምሮ እንዳያቀርብ ወሰነ። አሮጌው ሥርዓት የተሸነፈው ሥራው መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም። አስተርጓሚ ያስፈለገው ሁሉም የየራሱን ቋንቋ ስለሚናገር ነበር፤ የጋራ ቋንቋ ሲገኝ አስተርጓሚው ሥራ ፈታ።

የጋራ ደንቡ ያወጣቸው ዋና ዋና ክፍሎች ዐሥራ ሦስት ናቸው፦ የድምፅና ምስል፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ የፕሮግራም ልማት፣ ትምህርት፣ ጨዋታ፣ ሥዕላዊ ሥራ፣ ኔትዎርክ፣ ቢሮ፣ ሳይንስ፣ ማስተካከያ፣ ሲስተምና አነስተኛ መገልገያ። ከእነዚህ በታች በርካታ ተጨማሪ ክፍሎች አሉ። ድምፅ ወይም ቪዲዮ ነኝ ያለ ፕሮግራም የድምፅና ምስል ክፍልንም አብሮ መጥራት አለበት፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ዴስክቶፕ ሁለቱን ለይቶ፣ አንዳንዱ አጣምሮ ማሳየት ይፈልግ ይሆናል። እንዲህ ያለችው ትንሽ ደንብ ናት የሠሪውን ዐይን የምታሳየኝ። ያላየውን ዴስክቶፕ ፍላጎት አስቀድሞ አስቦለታል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ቆይቶ ታየ። ጂኖም አሮጌውን ተዘርጋፊ ሜኑ ትቶ ሰው ስም እየጻፈ የሚፈልግበትን ገጽ ሲያመጣ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፓኬጆች ፋይሎቻቸውን እንደገና መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ፋይሉ ስለ ሜኑ ቅርጽ ምንም ስላልተናገረ ቅርጹ ሲለወጥ ሐሰት የሚሆንበት ቃል አልነበረውም። የዊንዶውስን አሮጌ ስታርት ሜኑ የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ እዚያ እያንዳንዱ ጫኝ በድርጅቱ ስም የራሱን ፎልደር ይከፍት ነበር፤ ውስጡም ፕሮግራሙ፣ ማንበቢያው፣ ማራገፊያውና የድርጅቱ ድረ ገጽ ይታጨቁ ነበር። ተጠቃሚው ስለ ሥራው እያሰበ ሳለ ስለ ሻጮቹ እንዲያስብ የሚያስገድድ ሜኑ ነበር።

ወደ ዘጠኙ መስመሮች ልመለስ። ስም፣ የወል ስምና መግለጫ ሦስት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ ሦስቱም አንዱን ነገር የሚደግሙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደንቡ ራሱ የሰጠው ምሳሌ ነገሩን ያፍታታዋል፦ ስሙ ሞዚላ፣ የወል ስሙ የድር ማሰሻ፣ መግለጫው ደግሞ በኢንተርኔት ላይ ያሉ ገጾችን መመልከቻ። አንደኛው የተጸውዖ ስም ነው፤ ሁለተኛው የሙያ ስም፤ ሦስተኛው ተጠቃሚው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል የሚነግር ቃል፣ ማውዙ በአይከኑ ላይ ሲያርፍ ብቅ የሚል። መግለጫው ከሁለቱ ስሞች ጋር መደጋገም እንደሌለበት ደንቡ ያዛል። ሞዚላ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው «የድር ማሰሻ» የሚለውን ሊያውቅ ይችላል፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው ምን እንደሚሠራበት ሲነገረው ይገባዋል። ሦስት ዓይነት እንግዳ ታስቦ ሦስት በር ተከፍቷል።

መግለጫው ከስሞቹ ጋር እንዳይደጋገም የሚለውን ትእዛዝ መጣስ ደግሞ እንዲሁ አያልፍም። ፌዶራ በመመሪያው እንዳሰፈረው ፋይሉን ወደ ፓኬጁ መጨመር ብቻውን አይበቃም። የፓኬጁ አዘጋጅ ፋይሉን ከሁለት መሣሪያዎች በአንዱ ማሳለፍ ግዴታው ነው፦ አንዱ ፋይሉን ፈትሾ በቦታው የሚያስቀምጥ፣ ሌላው የሚፈትሽ ብቻ። ፈታሹ ባሕርይ ያለው መሣሪያ ነው። ስሕተት፣ ማስጠንቀቂያና ጥቆማ የሚባሉ ሦስት የድምፅ ደረጃዎች አሉት። መግለጫው ከስሙ ጋር ከተመሳሰለ ይህ ድግግሞሽ ይመስላል ይላል። ከአንድ በላይ ዋና ክፍል ከተጠራ ፕሮግራሙ በሜኑ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊታይ እንደሚችል በጥቆማ ድምፅ ያስታውሳል፤ አይከለክልም። ዝርዝር የያዘ መስመር በነጠላ ሰረዝ መሰሏ ምልክት ካልተዘጋ ግን ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። የቱ ላይ መጮኽ፣ የቱ ላይ ማንሾካሾክ እንዳለበት ያውቃል። በሥራዬ ያየኋቸው ብዙ ፈታሽ ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት አያውቁትም፤ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ስለሚጮኹ ሰው ሁሉንም ችላ ማለት ይለምዳል።

አስቀማጩ መሣሪያ ደግሞ የአዘጋጁን እጅ ንጹሕ ያደርግለታል። የፕሮግራሙ ደራሲ የጻፈው ክፍል ስሕተት ከሆነ አዘጋጁ ፋይሉን በእጁ መቀየር የለበትም፤ «ይህን ክፍል አንሣ፣ ያንን ጨምር» የሚል ትእዛዝ በማስቀመጫው መስመር ላይ ይሰጣል። የደራሲው ፋይል እንደነበረ ይቆያል፤ ለውጡም በፓኬጁ ጽሑፍ ላይ ማንም አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቃል ይመዘገባል።

አሁን ወደ ማስነሻው መስመር እንምጣ፤ ውበትም ጉድም የሞላበት እዚህ ነው። በኮሚካል ፋይል ይህ መስመር የፕሮግራሙን ስም ብቻ ይዟል። የተመረጠ ፋይል ከዴስክቶፑ የሚቀበል ፕሮግራም ግን ከስሙ ቀጥሎ የፐርሰንት ምልክትና አንዲት ፊደል ይጽፋል። ትንሿ ኤፍ ከሆነች ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ብቻ ይቀበላል ማለት ነው፤ ተጠቃሚው አምስት ፋይል መርጦ ከከፈተ ዴስክቶፑ ፕሮግራሙን አምስት ጊዜ ማስነሣት አለበት። ትልቋ ኤፍ ከሆነች አምስቱም በአንድ ጊዜ ይሰጡታል። ትንሿና ትልቋ ዩ ደግሞ ፕሮግራሙ የኢንተርኔት አድራሻ መቀበል እንደሚችል ይናገራሉ። ኤፍ ብቻ የጻፈ ፕሮግራም በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል እንዲከፍት ሲጠየቅ፣ ዴስክቶፑ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ቤት አምጥቶ፣ የመጣውን ቅጂ ያቀርብለታል። ስለ ኔትዎርክ አንድም ነገር የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ከሩቅ የመጣ ፋይል ሊከፍት የሚችለው በዚህች አንዲት ፊደል አማካይነት ነው። በአንድ መስመር ላይ ከእነዚህ ከአራቱ አንዷ ብቻ እንድትገኝ ደንቡ ያዛል፤ ሁለት ከሆኑ የተመረጠው ፋይል ለየትኛዋ እንደሚሰጥ አይታወቅምና።

ከሁሉ አብልጬ የምወዳት ግን በደንቡ ውስጥ ሳትታይ የምታልፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በፊደሏ ቦታ የፋይሉ ስም ከተተካ በኋላ፣ የተተካው ስም ራሱ እንደገና መፈተሽ የለበትም ትላለች። ማለትም አንድ ሰው ፋይሉን በፐርሰንት ምልክትና በኤፍ ቢሰይመው እንኳ፣ ያ ስም እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ ሌላ ስም አይተካበትም። ስንት ሰው ነው ፋይሉን እንዲህ የሚሰይመው? ምናልባት ማንም። ሠሪው ግን የማይመጣውን እንግዳ በር ላይ ጠብቆታል፤ ተንኮለኛ ሰው የሚመጣው ደግሞ ልክ በዚህ በር ነው።

እዚያው መስመር ላይ ያለው ጉድ ደግሞ የጥቅስ ምልክት ነገር ነው። ደንቡ ልዩ ትርጉም ያለው ምልክት እንደ ተራ ፊደል እንዲነበብ የሚያደርጉ ሁለት የማምለጫ ሕጎችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቧል። በጽሑፍ ሁሉ ላይ የሚሠራው ሕግ መጀመሪያ ይፈጸማል፤ ከዚያ በማስነሻው መስመር ላይ ብቻ የሚሠራው ይከተላል። ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ አንዲት ወደ ኋላ ያዘመመች ሰረዝ ለመጻፍ የፈለገ ሰው አራት ሰረዞች መደርደር አለበት። ደንቡ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ በግልጽ መጻፉ ግን አያምረውም። ፓኬጅ አዘጋጆች የሚያደርጉት ጤናማ ነገር ትእዛዙ ከተወሳሰበ ለብቻው በትንሽ ስክሪፕት ጽፈው፣ በመስመሩ ላይ የስክሪፕቱን ስም ብቻ ማስቀመጥ ነው። ደግ አድርገዋል።

አይከኑን ቶሎ ልለፍ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ጥበብ ቀድመን ያየነው ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ የአይከኑን ስም ብቻ፣ ያለ ማውጫና ያለ ጭራ መጻፍ ነው። ሙሉ አድራሻውን መጻፍ አልተከለከለም፤ የፌዶራ መመሪያ ግን አጭሩን ስም ይመርጣል። አጭር ስም ሲጻፍ ተጠቃሚው የመረጠው የአይከን ስብስብ ለዚያ ስም የራሱ ሥዕል ካለው እርሱ ይወጣል፤ ከሌለው የስብስቡ ወላጆች ይጠየቃሉ፤ እነርሱም ከሌላቸው ሃይከለር የተባለው የሁሉ መጠጊያ ስብስብ ይከፈታል። በአይከን ደንቡ መሠረት ማንኛውም ፕሮግራም ቢያንስ ቢያንስ 48 በ48 ነጥብ የሆነ አይከን በሃይከለር ውስጥ ማስቀመጥ ይገባዋል። ስሙን ከነጭራው የጻፈ ሰው ካለ ፈታሹ ያርመዋል፤ ጭራ የያዘ ስም ለአንድ የሥዕል ዓይነት ብቻ ራሱን አስሯልና።

የፋይሉ ስም ግን ሰፋ ያለ ነገር ያዘለ ነው። ዴስክቶፑ አንድን ፕሮግራም ለይቶ የሚያውቀው በነጥብ ዴስክቶፕ ፋይሉ ስም ነው። ተጠቃሚው ሜኑውን አስተካክሎ ከሆነ፣ ወይም የሥዕል ፋይሎቼን ሁልጊዜ በዚህ ክፈትልኝ ብሎ ከሆነ፣ የተመዘገበው ያ ስም ነው። ፌዶራ በቀድሞ ዘመን የራሱን ስም ከፋይሉ ስም ፊት የሚያስቀድምበት አሠራር ነበረው። በኋላ አዳዲስ ፓኬጆች ይህን ቅድመ ቅጥያ እንዳያደርጉ ተወሰነ። በቀድሞው መመሪያ ላይ ግን ቅድመ ቅጥያው በፓኬጁ ዕድሜ ሁሉ ሳይለወጥ እንዲኖር የሚያዝ ቃል ነበር፤ ምክንያቱም ተጽፎበት ነበር፦ የሜኑ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የሚመኩት በፋይሉ ስም ላይ ስለሆነ። ለውጡ ለዐይን የሚያምር ቢሆን እንኳ ተጠቃሚው ያስተካከለውን የሚያፈርስ ከሆነ አይደረግም። የፋይል ስም ለአዘጋጁ የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስለዋል፤ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የተገባ ውል መሆኑን የሚያስታውሰው እንዲህ ያለ መመሪያ ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ቁልፎች አሉ። አንደኛው ፕሮግራሙ አለ፣ ነገር ግን በሜኑ ላይ አታሳዩት ይላል፤ ሥራው ፋይል መክፈት ብቻ ለሆነና ማንም ከሜኑ ለማይጠራው ፕሮግራም ይጠቅማል። ሁለተኛው ፋይሉን ፈጽሞ እንደሌለ ቍጠሩት ይላል፤ ተጠቃሚው በራሱ ማውጫ ውስጥ ይህን የያዘ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካስቀመጠ፣ ለሁሉ የተጫነው ፕሮግራም ለእርሱ ብቻ ይጠፋለታል። ሌላው ተጠቃሚ አይነካም፤ አስተዳዳሪም አይጠራም። የደንቡ ጸሐፊዎች ለሁለተኛው ቁልፍ ያወጡለት ስያሜ ትክክል እንዳልነበረ በዚያው በደንቡ ላይ ጽፈውታል፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። ተክለው የወጡትን ስም ማፍረስ ከስሕተቱ የባሰ ጉዳት እንደሚያመጣ ገብቷቸዋል።

ከተጠቃሚው ርቆ፣ በአዘጋጁ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ ለውጥ ተደርጓል። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን የፋይል ዓይነት ይከፍታል የሚለው ነገር በአንድ ማውጫ መዝገብ ይጠቃለላል፤ መዝገቡም ፓኬጅ በተጫነ ቁጥር መታደስ አለበት። በድሮው የፌዶራ አሠራር የፋይል ዓይነት የሚጠቅስ ፓኬጅ ሁሉ ይህን የሚያደርግ መስመር በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ይዞ ይመጣ ነበር። መስመሩ የሚያልቀው በሁለት ቀጥ ያሉ ሰረዞችና በሁለት ነጥብ ነበር፤ ባይሳካም እንደተሳካ ቍጠረው፣ በእኔ ምክንያት የሌላው ጭነት አይሰናከል ማለቱ ነው። ትሕትናው ጥሩ ነበር፤ ድግግሞሹ ግን አሰልቺ ነበር። በአንድ ጊዜ ሃምሳ ፓኬጅ ሲጫን መዝገቡ ደጋግሞ ይሠራ ነበር። በኋላ ነገሩ ተገለበጠና መዝገቡን የሚሠራው ፓኬጅ ራሱ ማውጫውን እንዲጠብቅ ተደረገ፤ እዚያ ማውጫ ውስጥ አዲስ ፋይል የገባ እንደሆነ በጭነቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይነሣል። ዴቢያንም በራሱ መንገድ ይህንኑ አድርጓል። የየፓኬጁ ጽሑፍ አጠረ፤ ከዚህ የተሻለ ጥገና ብዙ አላየሁም።

ፋይሉ ገላጭ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ያመጣው መዘዝም አለ። ማስነሻ ትእዛዝ የያዘ፣ ስሙንና አይከኑን ራሱ የሚመርጥ ፋይል ሌላ ነገር መስሎ ሊቀርብ ይችላል። በ2017 የጂኖም የፋይል ማሳያ በዚህ ተይዟል፤ ነጥብ ዴስክቶፕ የሆነ ፋይል በውስጡ በተጻፈው ስምና አይከን ተራ ሰነድ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። ማስተካከያው ተጠቃሚው አምነዋለሁ እስኪል ድረስ ፋይሉን በእውነተኛ ስሙ ማሳየት ሆነ። በ2019 ደግሞ ኬዲኢ ላይ የባሰ ነገር ተገኘ። ኬዲኢ የማዋቀሪያ ፋይሎቹን በሚያነብበት መንገድ ላይ እሴቱን በትእዛዝ ውጤት መሙላት የሚፈቅድ ተጨማሪ ችሎታ ጨምሮ ነበር፤ ስለዚህ በአይከን መስመር ላይ ተንኮል የተጻፈበት ፋይል ያለበትን ፎልደር መክፈት ብቻ ትእዛዙን ያስፈጽም ነበር። አይከን ለማሳየት ሲባል ትእዛዝ ተፈጸመ ማለት ነው። ኬዲኢዎች የወሰዱት እርምጃ የሚያስመሰግን ነው፦ ችሎታውን ሊጠግኑ አልሞከሩም፤ ከነሥሩ አወጡት። የጋራ ደንቡ ያንን ችሎታ ከመጀመሪያውም አልሰጠም ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ክፍል ስምና መግለጫ በየቋንቋው የሚጻፉበት አሠራር ነው። ከስም ቁልፍ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የቋንቋው ምልክት ይገባል፤ ለአማርኛ ኤ እና ኤም ናቸው። ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ አማርኛ የተዋቀረ ከሆነ ዴስክቶፑ መጀመሪያ አማርኛንና ኢትዮጵያን አብሮ የሚጠራ መስመር ይፈልጋል፤ ካጣ አማርኛን ብቻ የሚጠራውን፤ እሱንም ካጣ ቅንፍ የሌለውን ዋናውን ስም ይወስዳል። ምንም የአማርኛ መስመር የሌለው ፋይል አይበላሽም፤ ግማሹ የተተረጎመም አያሳፍርም። ጽሑፉ ሁሉ በዩኒኮድ እንዲሆን ደንቡ ያዛል፤ ፊደላችን ደግሞ በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ስለነበር ፍሪዴስክቶፕ በተመሠረተበት ዓመት የራሱ ቦታ ነበረው። መፈለጊያ ቃላት የሚጻፉበት ቁልፍም በየቋንቋው ይጻፋል፤ የጂኖም ተጠቃሚ «ሒሳብ» ብሎ ጽፎ የሒሳብ ማሽኑን የሚያገኘው በስሙ ወይም በዚያ ቁልፍ ላይ ይህን ቃል የጻፈለት ሰው ካለ ነው።

የጎደለውን የአማርኛ ስም በቤቱ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ፋይሉን ወደ ራሱ ማውጫ ገልብጦ አንድ መስመር ቢጨምር ይሠራለታል። ነገር ግን ቅጂው ዋናውን ፋይል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ፕሮግራሙ ሲታደስ ማስነሻ ትእዛዙ ቢለወጥ ወይም አዲስ የፋይል ዓይነት ቢጨመር የዚያ ሰው ሜኑ አይሰማም፤ አሮጌውን ትእዛዝ ይዞ ይቀራል። ለፓኬጅ አዘጋጁ መላክም ቢሆን ለአንድ ዲስትሮ ብቻ ነው። የትርጉሙ ተገቢ ቦታ የፕሮግራሙ ደራሲዎች የሚጠብቁት የትርጉም ፋይል ነው፤ ጌትቴክስት የተባለው መሣሪያ በግንባታ ጊዜ ከዚያ እያነበበ የየቋንቋውን መስመር በነጥብ ዴስክቶፕ ፋይሉ ውስጥ ያስገባል። እዚያ የገባች አንዲት የአማርኛ ቃል በሚቀጥለው እትም ፌዶራም፣ ዴቢያንም፣ ሌሎቹም ዘንድ ትደርሳለች፤ አዘጋጆቹ አማርኛ ማንበብ አይጠበቅባቸውም፤ ፈታሹ ዝም ካለ ሥራቸው አልቋል።